ታፔተም ለምን ይሞታል? በአበባ ውስጥ ስለሚካሄደው የታቀደ የሕዋስ ሞት የተደረገ ውይይት

የማሽላ ተማሪ (ጥያቄውን ያቀረበ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። በዕፅዋት ማዳቀል ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ሲሆን፣ የማጠናውም ወንዴ መካን የሆኑ (ለም ብናኝ የማይሰጡ) የማሽላ መስመሮችን ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ደጋግሜ የማገኘው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ታፔተም ብናኙን ከመገበ በኋላ ይፈርሳል» ይላል። ታፔተም ማለት በአበባው የብናኝ ከረጢት ውስጥ፣ የሚያድገውን ብናኝ ዙሪያውን የሚያዋስነው የሕዋስ ንብርብር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ የሚያስረዳው ነገር ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ እነዚህ ሕዋሳት የሚሞቱት አቅማቸው ተሟጦ ነው ወይስ ሞታቸው ተክሉ ራሱ በዘረመሉ የሚያዘው ነው? ሁለተኛ፣ ሥራቸውን ጨርሰው በሕይወት ቢቆዩ ለተክሉ ምን ይጎዳዋል? ሦስተኛ፣ ለድቅል ዘር ማምረቻ የምንጠቀምበት ሳይቶፕላዝማዊ ወንዴ መካንነት (ከኒውክሊየስ ውጭ ባለው የሕዋስ ክፍል፣ በእናት በኩል የሚወረሰው) ከዚሁ ሞት ጋር አንድ ነገር ነው ወይስ የተለየ?

ሥርወ ዘር

ከአካሉ አሠራር ብንነሳ ሁለተኛው ጥያቄዎ ግማሽ መልሱን ያገኛል። የብናኝ ከረጢቱ፣ ማለትም አንተሩ፣ ግድግዳው አራት ንብርብር አለው። ከውጭ ያለው ሽፋኑ ነው፤ ቀጥሎ ከረጢቱ ሲደርስ ለመሰንጠቅ የሚያግዘው ኢንዶቴሲየም፣ ከዚያ ቀጭኑ መካከለኛ ንብርብር፣ በመጨረሻም ብናኙ የሚያድግበትን ክፍተት ዙሪያውን የሚያዋስነው ታፔተም ይመጣል። ታፔተም ቀለብ ከመስጠት ያለፈ ሥራ አለው። ሚዮሲስ (የዘር ሕዋሳትን የሚያስገኘው የሕዋስ ክፍፍል) ሲያበቃ አራት አራት ሆነው በካሎስ ግድግዳ የተጣበቁትን ጨቅላ ብናኞች የሚያላቅቀው ካሌዝ የተባለው ኢንዛይም የሚመነጨው ከታፔተም ነው። ለብናኙ ጠንካራ የውጭ ልባስ የሚሆነው ስፖሮፖለኒን ጥሬ ዕቃውን የሚያገኘውም ከዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ታፔተም ሲፈርስ፣ በውስጡ ያጠራቀመው ቅባትና ፕሮቲን በብናኙ ልባስ ጉድጓዶች ውስጥ ይከማቻል። እንግዲህ የመጨረሻው አስተዋፅኦ የሚደርሰው ሕዋሱ ሲፈርስ ብቻ ነው፤ በሕይወት የቆየ ታፔተም ያጠራቀመውን እንደያዘ ይቀራል፣ ብናኙም በሚያድግበት ክፍተት ውስጥ ቦታ ይሻማል።

ወደ አንደኛው ጥያቄ ስንመጣ ጠንካራው ማስረጃ የተገኘው ከሩዝ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ2006 በቻይና ተመራማሪዎች የተገለጸው ቲዲአር የተባለ ዘረመል ሌሎች ዘረመሎችን የሚያዝ ፕሮቲን የሚሠራ ነው፤ ስያሜውም የታፔተምን መፍረስ መዘግየት የሚያመለክት ነው። ይህ ዘረመል የተበላሸበት ሩዝ ታፔተሙ በጊዜው አይፈርስም፤ ጨቅላዎቹ ብናኞች ከአራትዮሽ ጥምረታቸው እንደተለቀቁ ይሟሽሻሉ፤ ተክሉም ሙሉ በሙሉ ወንዴ መካን ይሆናል። የቲዲአር ፕሮቲን ሲስቲን ፕሮቲዬዝ የተባለ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ከሚሠራው ዘረመል ላይ በቀጥታ እንደሚያርፍ ታይቷል። በ2013 ደግሞ «ዘላለማዊ ታፔተም» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው ኢተርናል ታፔተም 1 ከቲዲአር ሥር ሆኖ ሁለት አስፓርቲክ ፕሮቲዬዞችን እንደሚያዝ ተገለጸ፤ ሁለቱ ኢንዛይሞች እርሾ ውስጥ እንኳ ሲገቡ ሕዋሱን ይገድሉታል። የሞቱ መንስኤ ድካም ቢሆን ኖሮ የአንድ ዘረመል መበላሸት የደከመውን ሕዋስ በሕይወት ማቆየት ባልቻለ ነበር።

ጠያቂ ፊዚዮሎጂስት

ሥርወ ዘር ያቀረቡትን ማስረጃ በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ድምዳሜው ግን ከማስረጃው ይቀድማል ባይ ነኝ። ቲዲአር የጎደለው ሩዝም ሆነ አራቢዶፕሲስ በተባለው የቤተ ሙከራ ተክል ኤኤምኤስ የተባለው ተመሳሳዩ ዘረመል የጎደለው ተክል ያለባቸው ችግር ታፔተሙ አለመሞቱ ብቻ አይደለም። እነዚህ ዘረመሎች የታፔተምን ሙሉ ብስለት የሚመሩ ናቸው፤ ቅባት የሚያጓጉዙትንና ልባስ የሚሠሩትን ዘረመሎች ጭምር ያዝዛሉ። ስለዚህ እነርሱ ሲጠፉ የሚቀረው ሕዋስ ለሞት የሚያበቃውን ደረጃ ጨርሶ ያልደረሰ ጨቅላ ታፔተም ሊሆን ይችላል። ምጣድ ላይ ያልወጣ ሊጥ አላረረም ብሎ ስለ ማረር ምክንያት መናገር አይቻልም።

ሁለተኛው ስጋቴ የመለያ ዘዴውን ይመለከታል። ብዙ ጥናቶች «የታቀደ ሞት» የሚል ስያሜ የሚሰጡት ቱኔል የተባለው ማቅለሚያ የተቆራረጠ ዲኤንኤ ስላሳየ ነው። የተቆራረጠ ዲኤንኤ ግን በአደጋ በሞተ ሕዋስ ውስጥም ይገኛል። በተጨማሪም በእንስሳት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ አፖፕቶሲስ ተብሎ የተገለጸው ሂደት ዋና መሣሪያዎቹ ካስፔዝ የተባሉት ኢንዛይሞች ሲሆኑ፣ ዕፅዋት እነዚህ የሏቸውም። የሞተውን ሕዋስ የሚውጥ ጎረቤት ሕዋስም የላቸውም፤ እያንዳንዱ ሕዋስ በግድግዳው ተከቦ ባለበት መቅረት ግድ ይሆንበታል። ቅርጹ ስለተመሳሰለ ብቻ የእንስሳውን ሂደት በተክሉ ላይ መጫን አልወድም።

ሥርወ ዘር

የመጀመሪያው ትችት ተገቢ ነው፤ በቲዲአርና በኤኤምኤስ ላይ ብቻ ቆመን ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እዚያው ይዘጋ ነበር። ለዚህም ነው ከትእዛዝ ሰጪዎቹ ወርደን ፈጻሚዎቹን ማየት የሚገባን። በአራቢዶፕሲስ ሲኢፒ1 የሚባል ሲስቲን ፕሮቲዬዝ አለ፤ በ2014 የወጣው ጥናት ይህ አንድ ኢንዛይም ሲጠፋ ታፔተሙ በአግባቡ መፍረስ እንደሚሳነውና የብናኙ ልባስም እንደሚዛባ፣ ኢንዛይሙ ከልክ በላይ ሲመረት ደግሞ ታፔተሙ ያለጊዜው እንደሚሞትና ብናኙ መካን እንደሚሆን አሳይቷል። ይህ ኢንዛይም የሕዋሱን ብስለት የሚመራ አይደለም፤ ቆራጭ ነው። መጠኑን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሲያንቀሳቅሱት የሞቱ ጊዜ አብሮ ከተንቀሳቀሰ፣ በሕዋሱ ውስጥ የሞትን ጊዜ የሚወስን ነገር አለ ማለት ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ ያለው ከአንተር ውጭ፣ በሴቴው አካል ጫፍ ላይ ነው። የስቲግማ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ሙሉ በሙሉ የበሰሉ፣ ሥራቸውን በአግባቡ የሚሠሩ፣ ብናኝ የሚቀበሉ ናቸው፤ ስለዚህ የጨቅላነት ጥርጣሬ አይነሳባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2018 በቤልጅየም ጌንት ያለ የምርምር ቡድን ኪራ1 እና ኦሬሳራ1 የተባሉ ሁለት አዛዥ ዘረመሎች የእነዚህን ሕዋሳት ዕድሜ እንደሚወስኑ ገለጸ። ኪራ1 ሌላ ቦታ በግድ እንዲሠራ ሲደረግ ሕዋስ ይገድላል፤ ሁለቱም ሲሰናከሉ ደግሞ የስቲግማው ሕዋሳት ዕድሜ ይረዝማል። የአበባው የመቀበያ ጊዜ በአጋጣሚ የሚያልፍ ሳይሆን የሚዘጋ መሆኑን ያየሁት ከዚህ ጥናት ነው።

ካስፔዝን በተመለከተ በሐሳብ አንለያይም። ዕፅዋት ሜታካስፔዝ የተባሉ የሩቅ ዘመዶች እንዲሁም በቫክዩል (በሕዋሱ ፈሳሽ መያዣ ከረጢት) ውስጥ የሚሠሩ ሌሎች ቆራጮች አሏቸው፤ የቫክዩሉ መፈንዳት ሕዋሱን ከውስጥ የሚያጸዳበት ዋና መንገድም ነው። የኖርዌይ ስፕሩስ በተባለው የጥድ መሰል ዛፍ ፅንስ ላይ የተደረገው ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ፅንሱን ወደ ምግቡ የሚገፋው ተንጠልጣይ አካል፣ ሰስፔንሰር የሚባለው፣ በሜታካስፔዝ እየታገዘ ከላይ ወደ ታች ደረጃ በደረጃ ይፈርሳል። ኢንዛይሙ ከካስፔዝ የተለየ ቢሆንም ከሚቆርጣቸው ፕሮቲኖች አንዱ የሰው ካስፔዝ ከሚቆርጠው ጋር አንድ ነው።

ጠያቂ ፊዚዮሎጂስት

የሲኢፒ1ና የኪራ1 ማስረጃ ይበቃኛል። የሞቱ ሰዓት በዘረመል የሚወሰን መሆኑን እቀበላለሁ፤ ቱኔልን ብቻ ይዞ የሚደመድም ጥናት ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ግን እንዳለ ነው። የማሽላ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፍዎ የሚረዳዎት ይመስለኛል፦ ቱኔልን ከተጠቀሙ በየዕድገት ደረጃው በተከታታይ ይውሰዱ፤ ለም የሆነውን መስመር ጎን ለጎን ያድርጉ፤ የሕዋሱን ውስጣዊ ቅርጽም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይመልከቱ። በአንድ ደረጃ ብቻ የተወሰደ ቱኔል፣ ለሙ ታፔተም ራሱ የሚሞት ስለሆነ፣ ምንም አይለይልዎትም።

ዘር አባዥ

እኔ የቤተ ሙከራ ሰው አይደለሁም፤ ዓመታት ያሳለፍኩት ዘር በማባዛት ሥራ ላይ ነው፤ ሦስተኛውን ጥያቄ ከዚያ በኩል ልመልስ። በቆሎ የወንዴ አበባው በአናቱ፣ የሴቴው በጎኑ ስለሆነ ድቅል ዘር ለማግኘት የእናቲቱን መስመር የወንዴ አበባ ብናኝ ከመርጨቱ በፊት መንቀል ይበቃል። በእኛ አገር ድቅል በቆሎ የሚባዛው በዚህ መንገድ፣ በእጅ ነው፤ በሚነቀልበት ሰሞን ማሳው በሰው ይሞላል፣ አንድ ቀን መዘግየትም የዘሩን ንጽሕና ያበላሻል። በማሽላ ግን ይህ አይሆንም። እያንዳንዷ ትንሽ አበባ ወንዴም ሴቴም ናት፤ በአንድ ራስ ላይ በሺሕ የሚቆጠሩ አሉ። ስለዚህ ድቅል ማሽላ ሊገኝ የቻለው በ1954 ስቲቨንስና ሆላንድ ማይሎ የተባለውን የማሽላ ዓይነት ሳይቶፕላዝም ካፊር ከተባለው ሌላ የማሽላ ዓይነት ኒውክሊየስ ጋር በማገናኘት ወንዴ መካን መስመር ካገኙ በኋላ ነው። የማሽላ አዳቃዮች ኤ1 የሚሉት ያንን ሳይቶፕላዝም ነው።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ትምህርት የመጣው ግን ከአሜሪካ በቆሎ ነው። ቴክሳስ ሳይቶፕላዝም፣ በአጭሩ ቲ፣ የተባለው የወንዴ መካንነት ምንጭ የአበባ ነቀላውን ወጪ ስላስቀረ በ1960ዎቹ በፍጥነት ተስፋፋ፤ በ1970 ከአሜሪካ የበቆሎ ማሳ 85 በመቶ ያህሉ ይህንኑ አንድ ሳይቶፕላዝም የተሸከመ ነበር። በዚያ ዓመት የደቡብ የበቆሎ ቅጠል አቃጣይ ፈንገስ፣ እርሱም እንዲሁ ቲ የተባለው ዝርያው፣ ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተዛመተ፤ ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት 15 በመቶ ያህሉ ጠፋ፤ ኪሳራውም አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። በፊሊፒንስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቲ ሳይቶፕላዝም ያለው በቆሎ ለዚህ በሽታ የተጋለጠ እንደሆነ በጽሑፍ ተገልጾ እንደነበር ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ዘር አምራቾች ወደ ነቀላው ተመለሱ።

ሥርወ ዘር

ዘር አባዥ ያነሡት ታሪክ ከታፔተም ጋር የሚገናኘው በአንድ ፕሮቲን ነው፤ ብዙ ጊዜ ይህ ክፍል ተዘልሎ ስለሚነገር ላብራራው። ቲ በቆሎ በማይቶኮንድሪያው (የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ በሆነው ክፍል) ውስጥ ሌላ በቆሎ የሌለው ዩአርኤፍ13 የሚባል ፕሮቲን አለው። ፕሮቲኑ በማይቶኮንድሪያው የውስጥ ስስ ልባስ ላይ ይቀመጣል። የፈንገሱ መርዝ ሲያገኘው ልባሱ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ማይቶኮንድሪያው ይፈሳል፤ ቅጠሉም ይሞታል። መርዙ በሌለበት ተክሉ በሁሉም አካሉ ፕሮቲኑን ይዞ ጤነኛ ሆኖ ያድጋል፤ የሚታመመው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እርሱም ታፔተም። ጨቅላዎቹ ብናኞች ገና እንደተለቀቁ የታፔተሙና የመካከለኛው ንብርብር ማይቶኮንድሪያ ያብጣል፣ ሕዋሳቱም ያለጊዜያቸው ይፈርሳሉ።

ለምን ታፔተም ብቻ? ዋርምኬና ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ በበቆሎ አንተር ውስጥ ማይቶኮንድሪያ ሲቆጥሩ በዕድገቱ ሂደት በታፔተም ሕዋስ ቁጥሩ 40 እጥፍ፣ ብናኝ በሚሆኑት ሕዋሳት ደግሞ 20 እጥፍ እንደሚያድግ አገኙ። ይህን ያህል ፈጣን መባዛት ላይ ያለ ማይቶኮንድሪያ ሌላ ቦታ የማይሰማውን ጉድለት እዚህ ይሰማዋል።

ጠያቂ ፊዚዮሎጂስት

ነገር ግን ይህ አገላለጽ በራሱ የኃይል እጥረት ታሪክ ነው፤ ማለትም ድካም። በመጀመሪያው ልጥፍ ላይ ያባረርነው ሐሳብ በጓሮ በር ገብቷል። ቲ በቆሎን ለም ለማድረግ ሁለት መላሽ ዘረመሎች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው የዩአርኤፍ13ን መጠን ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ግን በ1996 ተለይቶ ሲታወቅ አልዲሃይድ ዲሃይድሮጂኔዝ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ፣ የፕሮቲኑን መጠንም አይነካም። አልዲሃይድ የሚያጸዳ ኢንዛይም ለምነትን የሚመልስ ከሆነ የችግሩ አንድ ክፍል ተራ የሜታቦሊዝም ጫና ነው ማለት ነው።

ሥርወ ዘር

በቲ በቆሎ ረገድ ሁለቱን ሐሳቦች ነጥሎ ማስቀመጥ አስቸጋሪ መሆኑን አምናለሁ። በሱፍ አበባና በሩዝ ግን ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። የሱፍ አበባ ድቅሎች መሠረት የሆነው ፒኢቲ1 ሳይቶፕላዝም በ1969 በፈረንሳይ ሌክለርክ የዱር ሱፍ አበባን ከለማዳው ጋር በማዳቀል ያገኘው ነው። በ2001 በልክና ሊቨር የዚህን መስመር ታፔተም ሲመረምሩ፣ ሕዋሱ ቅርጹ በጉልህ ከመፍረሱ በፊት ሳይቶክሮም ሲ የተባለው ኃይል በማመንጨት የሚሳተፍ ፕሮቲን ከማይቶኮንድሪያው ከፊሉ ወጥቶ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ተገኘ። በእንስሳት ሕዋስ ውስጥ ሳይቶክሮም ሲ ሲወጣ የሞት ትእዛዝ ነው፤ በተክል ውስጥ በቀጥታ ያንኑ ሥራ ይሠራል ለማለት ባልደፍርም፣ ከመፍረሱ ቀድሞ መውጣቱ ግን የመፍረስ ውጤት አይደለም ማለት ነው።

ሩዝ ደግሞ የበለጠ ዝርዝር አለው። በ1970 በቻይና ሃይናን ደሴት የድቅል ሩዝ ተመራማሪው የዩዋን ሎንግፒንግ ባልደረባ ብናኙ የመከነ የዱር ሩዝ ተክል አገኘ፤ በ1976 በስፋት መዘራት የጀመረው የቻይና ድቅል ሩዝ የተገነባው በዚያ ተክል ሳይቶፕላዝም ላይ ነው። በ2013 የተገለጸው ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ደብሊውኤ352 የሚባል የማይቶኮንድሪያ ፕሮቲን በታፔተም ውስጥ በተወሰነ ደረጃ ላይ ይከማችና ኮክስ11 ከተባለ ከኒውክሊየስ ከሚመጣ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ኮክስ11 ሕዋሱን የሚጎዳውን ፐርኦክሳይድ በማስወገድ የሚያደርገው አገልግሎት ሲስተጓጎል የታፔተሙ ሞት ቀድሞ ይጀመራል። ደብሊውኤ352 የሚያደርገው፣ ራሱ ሊመጣ የነበረውን ሞት ማስቀደም ነው። የማሽላ ተማሪ፣ ሦስተኛው ጥያቄዎ ላይ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ በእነዚህ ሁኔታዎች ሞቱ አንድ ነው፣ ሰዓቱ ተለውጧል።

የኃይል እጥረት ሳይኖር ያለጊዜው መሞት ብቻውን በቂ መሆኑን ደግሞ በ1990 በጌንት የተሠራው ሙከራ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ አርኤንኤ የሚቆርጥ ባርኔዝ የተባለ የባክቴሪያ ኢንዛይም በታፔተም ብቻ በሚሠራ መቀስቀሻ ሥር አድርገው በትምባሆና በጎመን ዘር ላይ አስገቡ። ታፔተሙ ብቻ ቀድሞ ጠፋ፤ ተክሉ በሌላ ነገር ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ወንዴ መካን ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ የባርኔዝ ማርከሻ የሆነውን ባርስታር በሌላው ወላጅ በኩል በማስገባት ለምነቱን መለሱት፤ ይህ ዘዴ በካናዳ የካኖላ ድቅሎች ውስጥ ለገበያ በቅቷል።

የማሽላ ተማሪ

ይህ በጣም ረድቶኛል። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፦ ሁሉም ሳይቶፕላዝማዊ መካንነት በታፔተም በኩል ነው የሚመጣው? የምሠራባቸው መስመሮች ከኤ1 በተጨማሪ ኤ3ም ያላቸው ናቸው።

ሥርወ ዘር

አይደለም፤ ይህን መለየት ለእርስዎ ሥራ ወሳኝ ነው። በቆሎ ውስጥ ከቲ ጎን ኤስ የሚባል ሌላ ሳይቶፕላዝም አለ፤ በእርሱ ታፔተሙ ሥራውን በጊዜው ጨርሶ ይፈርሳል፣ የሚሞተው ራሱ ብናኙ ነው፣ ያውም ዘግይቶ። ስለዚህ መላሹ ዘረመል በእናት ተክሉ ሳይሆን በእያንዳንዱ ብናኝ ውስጥ መገኘት አለበት፤ መላሹን በአንድ ቅጂ የያዘ ተክል ግማሽ ብናኙ ለም፣ ግማሹ መካን ይሆናል። የማሽላው ኤ3 የሚመደበው ከዚህ ወገን ነው። በኤ3 መስመር ላይ የታፔተም ያለጊዜ ሞትን ፍለጋ ብዙ ጊዜ አያጥፉ፤ ብናኙ ላይ ያተኩሩ።

ማኅደረ አበባ

ወንዶቹ ሁሉ በአንተር ተጠምደዋል፤ የሴቴውም ወገን ይነገር እንጂ። እዚያ ሞቱ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ምክንያቱም ማን እንደሚተርፍ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በአብዛኞቹ አበባ አውጪ ዕፅዋት፣ በኋላ ዘር በሚሆነው ኦቭዩል ውስጥ ሚዮሲስ አራት ሴቴ ስፖሮች ይሰጣል፤ ሦስቱ ይሞታሉ፣ ለሥር ቅርብ የሆነው አንዱ ብቻ ይተርፍና የፅንሱ ከረጢት ይሆናል። የሟቾቹ ቦታ ለተራፊው ይለቀቃል።

ከዚያ የሚቀጥለው ሞት ከሁሉም ይገርመኛል። በፅንሱ ከረጢት አፍ ላይ ከእንቁላሉ ጎን ሁለት ሲነርጊድ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። በ2001 የጃፓን ተመራማሪዎች የፅንሱ ከረጢት ከኦቭዩሉ ውጭ ብቅ በሚልበት ቶሬንያ በተባለው አበባ ላይ ሕዋሳቱን በሌዘር አንድ በአንድ እየገደሉ ብናኝ ቱቦውን የሚስበው ሲነርጊዱ መሆኑን አረጋገጡ፤ በ2009 ደግሞ የሚስቡትን ትናንሽ ፕሮቲኖች ለይተው ሉር ብለው ሰየሟቸው። ቱቦው ሲደርስ ከሁለቱ አንዱ ሲነርጊድ ይፈርሳል፣ ቱቦውም እዚያው ፈንድቶ ሁለቱን የወንዴ ሕዋሳት ይለቃል። ሁለቱ ሞቶች የተሳሰሩ ናቸው። ፌሮኒያ የተባለው ተቀባይ ፕሮቲን ከሲነርጊዱ ሲጠፋ ቱቦው ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ሳይፈነዳ ማደጉን ይቀጥላል፤ ፅንሰትም አይኖርም። የቀረው ሁለተኛው ሲነርጊድ ካልተወገደ ተጨማሪ ቱቦ መሳቡን ይቀጥላል። በአራቢዶፕሲስ የሚወገደው ከአዲሱ የምግብ ኅብረሕዋስ፣ ከኢንዶስፐርሙ ጋር በመዋሐድ መሆኑን በ2015 የወጣው ሥራ አሳይቷል፤ ይህኛው ከታፔተሙ ሞት ፈጽሞ የተለየ መንገድ ነው፣ ሁሉንም መወገድ በአንድ ስም መጥራት የማልወደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጠያቂ ፊዚዮሎጂስት

በማኅደረ አበባ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ተክሉ የራሱን ብናኝ የሚገድልበትም ጊዜ አለ። ቀዩ የሜዳ ፖፒ በተባለው አበባ የራሱ ብናኝ ስቲግማው ላይ ሲያርፍ ካልሲየም ወደ ብናኝ ቱቦው ይጎርፋል፣ ዕድገቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል፣ ካስፔዝ መሰል እንቅስቃሴም ይነሣል። በ2004 በወጣው ሥራ ይህን እንቅስቃሴ የሚያግድ ውሕድ ሲጨመር ቱቦው ማደጉን መቀጠሉ ታይቷል። ቀደም ብዬ በካስፔዝ ጉዳይ ላይ ጠንክሬ ስከራከር የነበርኩ ቢሆንም፣ ከዚህ የሚበልጥ የተግባር ማስረጃ አላየሁም፤ ኢንዛይሙ ካስፔዝ ባይሆንም ሥራው አለ።

ዘር አባዥ

ለተማሪው አንድ ጥያቄ ሳላስነሣ ብቀር ቅር ይለኛል። ይህ ሁሉ ለጤፍ ይውላል ወይ? ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል፣ አበባውም ዓይን በጣም ካላተኮረ የማይታይ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ የሚከፈተው በማለዳ ለአጭር ጊዜ መሆኑን እስኪያስተውሉ ድረስ ሆን ብሎ ማዳቀል አልተቻለም ነበር። በ2006 በደብረ ዘይት የወጣው ቁንጮም የተገኘው በዚህ መንገድ ሁለት ዝርያዎችን በእጅ በማዳቀል ነው።

ሥርወ ዘር

ለማዳቀል ሥራ ወንዴ መካን ጤፍ ቢኖር በማይክሮስኮፕ ሥር አንተር የመልቀም አድካሚ ሥራ ይቀር ነበር፤ በዚህ እስማማለሁ። ለገበያ ድቅል ዘር ግን ታፔተምን መግደል የችግሩ ትንሹ ክፍል ነው። ጤፍ ብናኙን በነፋስ ወደ ጎረቤት የሚልክ ተክል አይደለም፤ አበባው ለአጭር ጊዜ ይከፈታል፣ ብናኙም ጥቂት ነው። መካን እናት መስመር ብናኝ የሚያመጣላት ከሌለ ባዶ ራስ ይዛ ትቀራለች። ሩዝም ይህ ችግር ነበረበት፤ በቻይና በድቅል ዘር ማሳ ላይ ብናኙን ለማሰራጨት ገመድ በሰብሉ አናት ላይ የሚጎትቱት ለዚህ ነው።

የዐሥራ አንደኛ ክፍል መምህር

ውይይቱን ከመጀመሪያ ጀምሮ ስከታተል ነበር። በትምህርት ቤታችን ያለው ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ነው። ለተማሪዎቼ ከዚህ ውስጥ ምን ማሳየት እችላለሁ?

ሥርወ ዘር

መምህር፣ በቆሎ ይምረጡ። የወንዴ አበባው ገና በቅጠሎቹ መካከል እንደተሸፈነ፣ በእጅ ሲዳሰስ ሲታወቅ ይውሰዱት፤ በሦስት እጅ አልኮልና በአንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ለአንድ ቀን ያቆዩት። የበቆሎ አበባ አንድ ምቹ ባሕርይ አለው፦ በእያንዳንዱ ሽፋን ውስጥ ሁለት አበቦች አሉ፣ የላይኛው ከታችኛው በጥቂት ቀናት ይቀድማል፤ ስለዚህ ከአንድ ቦታ ሁለት ዕድሜ ያላቸው አንተሮች ይገኛሉ። አንተሩን አሴቶካርሚን በተባለ ማቅለሚያ ጠብታ ውስጥ ከፍተው ይዘቱን ጨፍልቀው ቢያዩት፣ በወጣቱ ውስጥ ሁለት ሁለት ኒውክሊየስ ያላቸውን የታፔተም ሕዋሳት ከሚከፋፈሉት የብናኝ እናት ሕዋሳት ጎን ታገኛላችሁ። ሊከፈት በተቃረበ አንተር ውስጥ ያንኑ ብታደርጉ ብናኝ ብቻ ነው የሚታየው። ለብናኙ ለምነት ደግሞ የአዮዲን መፍትሔ ይበቃል፤ ስታርች የሞላበት ለም ብናኝ ጠቁሮ ይታያል፣ መካኑ ገርጥቶና ተሰብስቦ ይቀራል።

የማሽላ ተማሪ

መምህር፣ የሚኖሩት በአቅራቢያችን ከሆነ የኤ1 እና የኤ3 መስመሮችን አንተር ከጥቂት ለም መስመሮች ጋር በአልኮል አድርጌ ልልክልዎት እችላለሁ፤ በግል መልእክት ይጻፉልኝ። በአዮዲኑ የሁለቱን ብናኝ ከለሙ ጋር አወዳድሩ፤ በየትኛው መስመር ብናኙ በየትኛው ደረጃ እንደቆመ ተማሪዎቹ ራሳቸው መጠኑንና ቅርጹን አይተው ይለዩታል።